ላምዳ ከመሙላታችሁ በፊት

ለወጣት መሐንዲሶች፣

በቅርቡ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ለቦሌ ጥቁር አፈር ላምዳ ስንት ልስጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ላምዳ አፈሩ በግፊት ምን ያህል እንደሚጨመቅ ለሶፍትዌሩ የሚነግረው ቁጥር ነው። ቁጥር አልሰጠኋትም። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ከርቭ አስታወሰኝ።

የአፈር ናሙናው ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቱቦ በመዶሻ እየተመታ የወጣ ነበር። ኦዶሜትር (አፈር ቀለበት ውስጥ ሆኖ ከላይ የሚጨመቅበት መሣሪያ) ላይ 25፣ 50፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800 ኪሎፓስካል ተጫነበት፤ በየደረጃው 24 ሰዓት። የቮይድ ሬሾ (የአፈሩ ክፍተት ለጠጣሩ ክፍል ያለው ምጣኔ) እና የሎግ ግፊት ከርቩ ሲሳል መታጠፊያ አልነበረውም፤ ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ቅስት። አፈሩ በዘመኑ የተሸከመው ትልቁ ግፊት የሚነበበው ግን ከመታጠፊያው ነው። መታጠፊያውን ከከርቩ ላይ የሚፈልገው የካዛግራንዴ ዘዴም ቢሆን ከርቩ በግልጽ ካልታጠፈ የሚይዘው ነጥብ የለውም። ናሙናው በአወጣጡ ስለተረበሸ መጣል ነበረበት። እኔ በግምት ነጥብ መርጬ ፈረምኩ፤ ግምቱም ከፍ ያለ ነበር።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት አስሉት። 4 ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ አፈር፣ ቮይድ ሬሾው 1.2፣ የመጨመቅ ኢንዴክሱ (ከመታጠፊያው በኋላ ያለው የከርቩ ቁልቁለት) 0.4፣ የመልሶ መጨመቅ ኢንዴክሱ (ከመታጠፊያው በፊት ያለው) 0.05 ይሁን። ግፊቱ ከ60 ወደ 120 ኪሎፓስካል ያድጋል። መታጠፊያው 100 ላይ ከሆነ አፈሩ 78 ሚሊሜትር ይሰምጣል። 130 ካላችሁ 27 ብቻ ይወጣል፤ 60 ካላችሁ 219። አፈሩም ኢንዴክሶቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው አንዲት ነጥብ ናት።

ላምዳው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጨመቅ ኢንዴክሱ በሎግ አስር፣ ላምዳ በናቹራል ሎግ ስለሆነ 0.4 ለ2.303 ተካፍሎ 0.174 ይሆናል። ሳያካፍል የሚሞላ ብዙ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ሜሽ (አፈሩ ለስሌት የሚከፋፈልበትን መረብ) በማሳመር ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ ናሙና ቀለበት ውስጥ መቅረጽ ግን የቴክኒሽያን ሥራ ብቻ ይመስላችኋል። ሶፍትዌሩን ተዉት አልልም፤ እኔም ያለ እሱ አልሠራም።

ጥቁር አፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ውኃ ስታጠጡት ያብጣል፤ የከርቩ መጀመሪያም ይበላሻል። የናሙናውን ከፍታ ለውጥ የሚለካው ዲያል ጌጅ እብጠት ማሳየት ሲጀምር ክብደት እየጨመራችሁ ያዙት። በበጋ የተቆፈረ ከሆነ ውኃ አልጠገበም፤ አፈሩ ለመጨመቅ የሚፈጅበትን ጊዜ የምናሰላበት የቴርዛጊ ቀመር የተሠራው ደግሞ ለጠገበ አፈር ነው።

ይህን የመጨመቂያ ጊዜም ከላብራቶሪ ወደ ሜዳ ስትወስዱ ውኃው በየት እንደሚወጣ እዩ። 20 ሚሊሜትር ናሙና ውኃው ከላይም ከታችም እየወጣለት የመጨመቁን 90 በመቶ በ10 ደቂቃ ከጨረሰ፣ በሁለቱም በኩል የሚንጠፈጠፍ 10 ሜትር ንብርብር 250,000 እጥፍ ይፈልጋል፤ 5 ዓመት ግድም ማለት ነው። ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ አለት ካለ 19 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ቆፋሪው ጉድጓዱን ከመዝጋቱ በፊት ከሸክላው ሥር አሸዋ ይኑር አለት በዓይናችሁ አይታችሁ መዝግቡ።