ፎቶው ለአንዱ ይታያል፣ ለሌላው ባዶ ሳጥን ነው

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ልብስ ለምትሸጠው አክስቴ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። የቀሚሶቹን ፎቶ ለየስልኩ እንዲያመቻች በኤክስፕረስ (የጃቫስክሪፕት ሰርቨር መሥሪያ) ሚድልዌር፣ ማለትም በጥያቄና በመልስ መካከል ገብቶ የሚሠራ ኮድ፣ ጻፍኩ፤ ለሚችል ስልክ ዌብፒ የተባለውን ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት፣ ለማይችል የተለመደውን ጄፔግ ይሰጣል። ከፊቱ የኤንጂንኤክስ ካሽ አለ፤ የተሰጠን መልስ አስቀምጦ ለቀጣዩ ጠያቂ የሚሰጥ ማለት ነው። አሮጌ አይፎን የያዙ ደንበኞች ግን ጠዋት ያዩት ቀሚስ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሳጥን ይሆንባቸዋል። ኮዱን ደጋግሜ ባየውም ስህተት አላገኘሁበትም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት አይሠራም» ያልከው ነገር ነው ወደ ካሹ የመራኝ። የኮድ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ በየጥያቄው ይደጋገማል፤ ሰዓት እየመረጠ የሚያስቸግር ብዙውን ጊዜ ካሽ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድሮይድ የያዘ ሰው ቀድሞ ገጹን ሲከፍት ሚድልዌርህ ዌብፒ ይሰጠዋል፤ ኤንጂንኤክስም ያንን ቅጂ በፎቶው አድራሻ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ አይፎን 6 የያዘች ደንበኛ ያንኑ ፎቶ ስትጠይቅ ጥያቄዋ ሚድልዌሩ ጋ አይደርስም። ካሹ የተቀመጠውን ዌብፒ አንስቶ ይሰጣታል። አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 አያልፍም፤ ሳፋሪ ደግሞ ዌብፒን መክፈት የጀመረው በአይኦኤስ 14፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ጠዋት አይፎን የያዘ ሰው ከቀደመ ግን ጄፔጉ ይቀመጥና የተቀመጠበት ጊዜ እስኪያልፍ ሁሉም ይታየዋል።

ለማረጋገጥ ካሹ ውስጥ የተቀመጡትን ቅጂዎች ሰርዝና በከርል (በትእዛዝ መስመር ድረ ገጽ የሚጠይቅ መሣሪያ) አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ ጠይቅ፤ መጀመሪያ አክሰፕት ሄደሩ ላይ (ጠያቂው የሚቀበለውን የፎቶ ዓይነት የሚገልጽበት መስመር) ዌብፒን ጠቅሰህ፣ ቀጥሎ ጄፔግን ብቻ ጠቅሰህ። ሁለቱም መልስ ዌብፒ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ሚድልዌሩ በጄፔጉም በዌብፒውም መልስ ላይ «ቬሪ፦ አክሰፕት» የሚል ሄደር እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ይህ መልሱ በአክሰፕቱ እንደሚለያይ ለካሹ ይነግረዋል። ብዙ ሰው ዌብፒው ላይ ብቻ አስገብቶ ይተወዋል፤ ያ አይበቃም። ኤንጂንኤክስ ከ1.7.7 ጀምሮ ቬሪን ያከብራል። ነገር ግን ብራውዘሮች የሚልኩት አክሰፕት ስለሚለያይ አንዱ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። እኔ የምመርጠው ማፕ በሚባለው የኤንጂንኤክስ ትእዛዝ «ዌብፒ ይችላል» እና «አይችልም» ብዬ ለሁለት ከፍዬ ውጤቱን የካሹ ቁልፍ (ቅጂው የሚለይበት ስም) ውስጥ መጨመር ነው። ያኔ ኤንጂንኤክስ ራሱ ቬሪን እንዳያይ አድርገው፤ ሄደሩ ወደ ስልኩ መሄዱን አያቆምም።

አንድ ወጥመድ አለ። አሮጌ ሳፋሪም በአክሰፕቱ መጨረሻ ላይ «ማንኛውም ዓይነት» የሚል የኮከብ ምልክት ይልካል። የኤክስፕረስ አክሰፕትስ ፈንክሽን ይህን አይቶ «ዌብፒ ይቀበላል» ሊልህ ይችላል። ስለዚህ ዌብፒ የሚለው ቃል ራሱ ተጽፎ እንደሆነ ፈልግ። ስልኩን በዩዘር ኤጀንት (ብራውዘሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ) ለመለየት ግን አትሞክር፤ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም።

ስፋቱን ለብራውዘሩ ተውለት። በኤችቲኤምኤሉ ሶርስሴት (ብራውዘሩ የሚመርጥባቸው ቅጂዎች ዝርዝር) 360፣ 720 እና 1080 ፒክሰል ስፋት ያላቸውን ቅጂዎች ስጠው፣ እሱ ይመርጣል። አክስትህ በስልኳ ያነሳችው ፎቶ 4000 ፒክሰል ስፋት ካለው፣ ደንበኛዋ በብር የገዛችውን ሜጋባይት በከንቱ ይበላባታል።

ሁሉን ካስተካከልክ በኋላ የፎቶዎቹን አድራሻ ቀይር፤ መጨረሻው ላይ የስሪት ቁጥር መጨመር ይበቃል። ካልቀየርክ ዌብፒውን አንዴ ያስቀመጡ አይፎኖች ጊዜው እስኪያልፍ ያንኑ ባዶ ሳጥን ያሳያሉ።