የጀልባ ሞተር አላርም ጮኾ ሲተው፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ጀልበኞች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን ሞተር ስጠግን በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ሳያቋርጥ ከሚጮኽ አላርም ይልቅ ጮኾ የሚተው አላርም ብዙ ሞተር ሲያስበላ አይቻለሁ። ሳያቋርጥ የሚጮኸው ባለቤቱን ዕለቱን ወደ መካኒክ ያስኬደዋል፤ ጮኾ የተወው ግን የዳነ ይመስላል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጮኸው መቼ ነው? በፍጥነት ወይስ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ)፣ ሐይቁ ረግቶ ሳለ ወይስ ማዕበል ሲነሳ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ወይስ ብዙ ከሠራ በኋላ? ይህን በወረቀት ጽፎ የመጣ ሰው የሥራውን ግማሽ ሠርቶልኛል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከፍቅር ሐይቅ ሰፈር ተነስቼ በፍጥነት ስሄድ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጮኻል፤ ፍጥነቱም በራሱ ይወርዳል። አጥፍቼ ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳው ግን ምንም የለበትም። ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ነው።

ፍጥነቱ በራሱ መውረዱ ሞተሩ ራሱን እየጠበቀ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ ጩኸቱን እንደ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ይውሰዱት። የዘይቱን መጠን ካረጋገጡ በኋላ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ በሞተሩ እግር ግራና ቀኝ ያሉት ወንፊት መሰል ቀዳዳዎች የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባባቸው ናቸው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌስታል ወይም አረም በፍጥነት ሲሄዱ ተስቦ ይለጠፍባቸዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን የሚስበው ኃይል ስለሚቀር ወድቆ ይሄዳል። ሞተሩን ከውሃ አውጥተው ሲያዩት ምንም የማያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንደጮኸ ፍጥነቱን ቀንሰው ማርሹን ነፃ ያድርጉ፤ ከዚያም የኋላ ማርሽ አስገብተው ለጥቂት ሰከንድ ቀስ ብለው ወደኋላ ይሂዱ። ከሞተሩ ጀርባ የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከበረታ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ካልበረታ ወደ ውሃ ፓምፑ ጎማ እንሄዳለን። በዝቅተኛ ፍጥነት የሚበቃ ውሃ የሚገፋ ያረጀ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት አይበቃም። በአሞራ ገደል ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞተር ማስነሳት አሸዋ ያስገባበታል፤ «ይነሳ እንደሆነ ልየው» ብሎ በደረቅ መሬት ማስነሳት ደግሞ ጎማውን በአጭር ጊዜ ውስጥ ያቃጥለዋል። አንድ ጊዜ የፈታሁት ፓምፕ ከስድስቱ የጎማ ቅጠሎች ሁለቱ ተቆርጠው ነበር። ባለቤቱ አዲስ ጎማ ይዞ ስለመጣ ቶሎ እንድገጥምለት ቢለምነኝም እምቢ አልሁት፤ የተቆረጠው ቁራጭ የሆነ ቦታ መኖር አለበትና። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አጠገብ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያሳልፈውን በር) ስፈታ አንደኛው ከሥሩ ተሸጉጦ ተገኘ፤ ከሽንብራ ክክ አይበልጥም። ሌላኛው በውሃው ቧንቧ ውስጥ ነበር። ሳይወጡ ቢገጠም ኖሮ አዲሱም ጎማ ጩኸቱን አያስቀረውም ነበር።

ከጀርባ የሚፈሰው ውሃ ላይ ብቻ ግን አይደገፉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ውሃ ፓምፑ መሥራቱን እንጂ ውሃው በቴስታታው ውስጥ መዞሩን አያረጋግጥም። ይህ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ራሱ በጭቃ ተደፍኖ ሞተሩ ግን ደህና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ በቀጭን ሽቦ ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ የእኔ ቱ ስትሮክ ጠዋት አይጮኽም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ሐይቁ ሲናወጥ ብቻ ነው የሚጮኸው።

ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር ነው፤ የዘይት ታንኩን ለብቻው የያዘ ከሆነ ታንኩን ይሙሉት። በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ዘይቱ ሲቀንስ ወርዶ አላርሙን ያስጮኻል፤ ዘይቱ ከድንበሩ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ባናወጠው ቁጥር ይጮኻል፣ ይተዋል። ሞልቶም ከጮኸ ተንሳፋፊው ተጣብቆ ወይም የሽቦው ማያያዣ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከፍ ብሎ ተገጥሞ በማዕበል ጊዜ ከውሃው እየወጣ አየር የሚስብ ከሆነም ይሞቃል። ሰው ሁሉ ከፊት በኩል ሲቀመጥ ይህ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር እኔው ቀላቅዬ ነው የምሞላው።

እንግዲያውስ ሞተርዎ የዘይት ታንክ ስለሌለው አላርሙ ስለ ዘይት ሊነግርዎ አይችልም፤ የሚነግርዎ ስለ ሙቀት ነው። የዘይቱን ልክ መጠበቅ የእርስዎ ኃላፊነት ነው። መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ በዓይን መገመት አይገባም።

ጥያቄ፦ ጎብኚዎችን ጉማሬ ለማሳየት ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ፎር ስትሮኩ ከረጅም ሥራ በኋላ በሚኒሞ ይጮኻል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይተዋል።

ይህ የዘይት ግፊት ምልክት ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡና ጠርገው መልሰው ይለኩ፤ ከዚያም ያሽትቱት። ዘይቱ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ነዳጅ እየተቀላቀለበት ቀጥኗል ማለት ነው። ሙሉ ቀን በዝቅተኛ ፍጥነት የሚሠራ ሞተር በሚገባ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ በየጉዞው መጨረሻም ጥቂት ደቂቃ በደህና ፍጥነት ይንዱት። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ አዲስ ያስገቡ። ከመኪና የተወሰደው ቴርሞስታት የማውጣት ልማድ እዚህ ሐይቅ ላይም ደርሶ ሳየው ያሳዝነኛል፤ ይህንኑ ችግር የሚያባብሰው እርሱ ነውና።

ጥያቄ፦ መካኒኩ «ሴንሰሩ ነው፤ ሽቦውን ቆርጠን እንገላገል» አለኝ።

እባክዎ አያስቆርጡት። ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ሊበላሽ እንደሚችል አልክድም፤ የሙቀቱ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ብረት ከነካ ሐሰተኛ ጩኸት ያስጮኻል። ይህን ግን በመፈተሽ እንጂ በመቁረጥ አናውቀውም። ጀልባው ዳርቻ ላይ ታስሮ ሳለ የሙቀት ሴንሰሩን ማያያዣ ይንቀሉ። ሴንሰሩ ተነቅሎም ጩኸቱ ከቀጠለ ጥፋቱ ከዚያ ሴንሰር አይደለም፤ ሽቦውን እስከ ላይ ድረስ በእጅዎ እየዳሰሱ ይከተሉት። ከፈተሹ በኋላ ማያያዣውን ሳይመልሱ ወደ ውሃ አይውጡ።

ሴንሰሩን ለብቻው ለመፈተሽ፣ ድስት ውስጥ ባለ ውሃ ጫፉን ብቻ ድስቱን ሳይነካ አንጠልጥለው፣ ሁለቱን ሽቦዎች ከቴስተር (ከኤሌክትሪክ መለኪያ) ጋር አገናኝተው ውሃውን ቀስ በቀስ ያሙቁ፤ መስመሩ የሚዘጋበትን (ኤሌክትሪክ ማሳለፍ የሚጀምርበትን) ሙቀትም በቴርሞሜትር አንብበው ከመመሪያው ጋር ያስተያዩ። እዚህ ሐዋሳ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መመሪያው ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ድስቱ ሊፈርድልዎ አይችልም።

ጥያቄ፦ ከተማችን ከፍታ ላይ በመሆኗ ይሆን የሚጮኸው?

አይደለም። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳስቶ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሰዋል፤ አላርሙን ግን አያስጮኸውም።

ጥያቄ፦ ሰዎች ጭኜ ጉማሬ ባለበት አካባቢ ቢጮኽብኝስ?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሩቁ ያዩት ጉማሬ አጠገብ ሄደው ሞተር ቢጠፋብዎ የሚያወጣዎ ነገር የለም፤ ስለዚህ ርቀቱን አስቀድመው ይጠብቁ፤ ለሁሉም ሰው የሚሆን የሕይወት ጃኬትና ሁለት መቅዘፊያም ሳይዙ አይነሱ። ሲጮኽ ነዳጁን ወዲያው ይቀንሱ፤ ከጉማሬዎቹ እስኪርቁ ድረስ በዝግታ ይውጡ፤ ከዚያም ሞተሩን አጥፍተው ቀዳዳዎቹንና ዘይቱን ይመልከቱ። የሞተሩን ክዳን ሲከፍቱ ሙቀቱ ፊት የሚገርፍ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ አያስነሱት። ወደ ዳርቻው በመቅዘፊያ ይመለሱ፤ ሌላ ጀልባም ይጥሩ። መንገደኞቹ ቢያጉረመርሙም እውነቱን ይንገሯቸው።