ደብተር ያዥዋ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማራኪ በሚባለው ሰፈር የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ለውድድር በሚዘጋጀው የትምህርት ቤታቸው የሮቦቲክስ ቡድን ለመግባት ተፈትና አልፋለች፤ ከገባች ወዲህ ግን የተሰጣት ሥራ ደብተር መያዝና ለዳኞች የሚቀርበውን ገለጻ ማዘጋጀት ብቻ ነው። «ጋሼ፣ መጻፉን አልጠላሁትም፤ ሮቦቱን ግን እስካሁን በእጄ አልነካሁትም። ልውጣ ወይስ ልታገሥ?» አለችኝ። «ታገሺ» ብያት ሄድሁ። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ መልሴ ይቆረቁረኝ ጀመር፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ ነሣኝ። ይህን የምጽፈው ለእርሷም፣ ከእርሷ ጋር ላሉት ወንዶች ልጆችም ነው።

በ1978 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በሳይንስ ክበባችን ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ሆነን ለትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን የሚቀርብ መሣሪያ እንሠራ ነበር፤ በርሜሉ ውኃ ሲሞላ የመሳቢያውን ሞተር በራሱ የሚያቆም መሣሪያ። በርሜላችን የዘይት ቆርቆሮ ነበረ፤ ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ ፈታነው፤ ሪሌውን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል ራሱ የሚይዝና የሚለቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የፊዚክስ መምህራችን ፈልገው አመጡልን። ኃይሉ የሚመጣው ከአራት የራዲዮ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ለእኛ ውድ ስለነበረ የደከመውን አንጥለውም፤ እናቴ በርበሬ ከምታሰጣበት ሰፌድ ጎን ፀሐይ ላይ እናሞቀው ነበር። እናቴ አንድም ቀን ተቆጥታን አታውቅም፤ ማታ በርበሬውን ስታስገባ ድንጋዮቹንም ቆጥራ ታስገባልን ነበር።

የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ያማረ ስለነበረ ደብተሩ ለእርሷ ተሰጠ። የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። የብየዳው ካውያ የአጎቴ በመሆኑ ከእጄ አይወጣም ነበር፤ ካቻቢቴውንም ፒንሳውንም እኛ ወንዶቹ ተከፋፈልናቸው። እርሷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እያንዳንዱን ሙከራ ቁጥር ሰጥታ፣ ቀኑን አስፍራ፣ ያየችውን ትጽፋለች። እኛ መሣሪያው መሥራቱን እንጂ እንዴት እንደሚሠራ ልብ አንለውም ነበር። በ17ኛው ሙከራ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሞተሩ ሲነሣ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ሪሌውም ይንቀጠቀጣል። ለሞተሩ የብቻው ድንጋይ ቢሰጠውስ?» ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «አንቺ ብቻ ጻፊ» አልኋት። በማግሥቱ አዲስ ድንጋይ ስለገዛን ችግሩ ተሸፈነ፤ እኔም ትክክል የሆንሁ መሰለኝ።

ኤግዚቢሽኑ ሁለት ቀን የሚቆይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንግዶቹና መምህራኑ ጠረጴዛችንን ከበው ሳለ ማብሪያውን ስጫነው ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ቆመ፤ ሪሌው ቀጭ ቀጭ እያለ ይይዛል ይለቃል። ዛሬ ምክንያቱን ለማንም በአንድ ደቂቃ አስረዳለሁ፤ ሞተር ሲነሣ ከሚሽከረከርበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ የደከመው ድንጋይ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ሞተሩ ሲቆም ቮልቱ ይመለሳል፣ ሪሌው ዳግም ይይዛል። ያን ጊዜ ግን ላብ አጠመቀኝ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ሌላ አራት ድንጋይ በናስትሮ የታሰረ፣ ሽቦው ተልጦ የተዘጋጀ፣ አውጥታ እጇን ዘረጋች። ከቤቷ አዘጋጅታው መጥታለች ማለት ነው። እጇን ገፋሁት። «አትንኪ፣ ታበላሺዋለሽ» አልኋት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አንድ ቃል አልመለሰችም። ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ደብተሩን ዘጋች፣ ሄዳ ከተመልካቹ ጋር ቆመች።

ማታ ብቻዬን ቀርቼ እርሷ ያለችውን አደረግሁ። ለሞተሩ የብቻውን ድንጋይ ሰጠሁት፤ እርሷ ያሰረችውን። በሁለተኛው ቀን መሣሪያው እንከን አልነበረበትም። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ፣ መምህራችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ እኔም ስሟን ሳልጠራ ምስጋናውን ተቀበልሁ። እርሷ በዚያ ቀን አልመጣችም፤ ወደ ክበቡም አልተመለሰችም። ክፍላችን ለየብቻ ስለነበረ ከዚያ በኋላ ያየኋት ከሩቅ ነው፤ ትምህርት ስንጨርስም ወዴት እንደሄደች አላወቅሁም። በኤሌክትሪክ ጥገና ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቅ የሚገባኝን ሰው ግን ፈልጌ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር፣ መፈለግ በነበረብኝ ዘመን አልፈለግሁም።

ባለፉት ዓመታት ተማሪዎች ሮቦት ይዘው ወደ ቤቴ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመኝ ያው የእኛ ችግር ነው። ሞተሮቹ ሲነሡ አርዱዊኖው፣ ፕሮግራሙን ይዞ ሮቦቱን የሚያዝዘው ትንሹ ሰሌዳ፣ ይጠፋና እንደገና ይነሣል፤ ልጆቹ ግን ፕሮግራሙን ሲጽፉና ሲሰርዙ አድረዋል። ኤል 298 ኤን የሚባለው የሞተር ማንቀሳቀሻ ራሱ ሁለት ቮልት ያህል እንደሚበላ፣ ለሞተሩ የብቻው ባትሪ ሲሰጠውም የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ መገናኘት እንዳለበት የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ በአንድ ቀን ትገጣጥማላችሁ፤ ሲበላሽ ቁጭ ብሎ የማየት ትዕግሥት ግን አነስተኛ ነው። ይህን ስል እኔም በዕድሜያችሁ ሳለሁ ትዕግሥቱ የነበረው ከእኔ ዘንድ ሳይሆን ከመስኮቱ አጠገብ እንደነበረ አስታውሳለሁ።

በርትታችሁ ተማሩ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ወላጆቻችሁ ስለሚሏችሁ እኔ አልደግመውም። ውድድሩን ግን በቅጡ እወቁት። ዲን ኬመን የተባለው አሜሪካዊ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቋቋመው ፈርስት በተባለው ድርጅት ሥር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚካሄዱት ውድድሮች አንዱ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ነው። ግጥሚያው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ሮቦቱ የሰው እጅ ሳይነካው በተጻፈለት ፕሮግራም ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከግጥሚያው ውጭ ደግሞ ዳኞች ቡድኑን አስቀምጠው እንዴት እንደሠራ፣ ምን እንዳልተሳካለት፣ ለምን እንደቀየረው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ የሚመልሰው ደብተር የያዘው ልጅ ነው። ስለዚህ ደብተር መያዝ የሴት ሥራ ነው፣ የትርፍ ሥራ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ጎረቤቴ ልጅ ሆይ፣ «ታገሺ» ያልሁሽን አንሥቻለሁ። ከቡድኑ አትውጪ፤ እንዲሁ ግን አትቀመጪ። ደብተሩ በየሳምንቱ በተራ ከእጅ ወደ እጅ እንዲሄድ፣ ካቻቢቴውም እንዲሁ በተራ እንዲሄድ ለመምህራችሁ ንገሪ፤ ካልሰሙሽ እኔ መጥቼ አነጋግራቸዋለሁ። ወንዶቹ ልጆች፣ እጇን ስትዘረጋ ጠብቁና የያዘችውን እዩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ነይ፤ ቮልት የምለካበትን መልቲሜትሬን አውስሻለሁ። የባትሪውን ቮልት ሮቦቱ ቆሞ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ሞተሮቹ ሲነሡ ደግሞ አንድ ጊዜ ለኪ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፊና በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት በላይ ከሆነ ባትሪዎቹን እንዴት እንደምንለያቸው አሳይሻለሁ። ያን የ1978ቱን ደብተርም አወጣልሻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ትታው ስለሄደች እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።