ሌሊቱን ለአንዲት ልጅ ብቻ አትተዉላት

በሰው አገር እናትና አባታችሁን የምታስታምሙ ወገኖቼ፣ ለዓመታት ያየሁትን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። የመርሳት በሽታ ሲጠና አስታማሚን የሚሰብረው ሌሊቱ ነው።

1. ወረቀት። በሕክምናቸው ጉዳይ ማን እንደሚወስን በሕግ አስጨርሱ።

2. ቀኑ። በሽታው ቀንና ሌሊትን የሚለየውን የአንጎል ክፍል ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ «ሆን ብለው ነው የሚረብሹን» ማለት ግፍ ነው። ጠዋት መጋረጃውን ግለጡ፤ ከተቻለም ፀሐይ ላይ አውጧቸው። ከቀትር በኋላ ቡናና ሻይ ይቅር። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ለመርሳት በሽታ የሚታዘዘውን ዶኔፔዚል ማታ ወስደው የሚቃዡ ከሆነ፣ ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ቀን ላይ ማሸለባቸውን ግን ጨርሳችሁ ለማስቀረት አትታገሉ፤ በዚህ ደረጃ ድካሙም የበሽታው አካል ነው።

3. የነቁበት ምክንያት። ሕመማቸውን በቃል መናገር ስለማይችሉ ገጽታቸውን አንብቡ። ወደ ጎን ስታገላብጧቸው ፊታቸውን ያኮማትራሉ? አንሶላውን ጨብጠው አይለቁም? እጃችሁን ይገፋሉ? ያማቸው ይሆናል። ፊኛቸው ሞልቶ፣ ሆዳቸው ደርቆ ወይም ዳይፐራቸው ርሶ ሊሆንም ይችላል። መረበሹ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከመጣ ኢንፌክሽን ይኖር ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ለሐኪም አሳዩ። «ወደ ቤቴ ልሂድ» ሲሉ «ቤትዎ ይኸው አይደል!» ብላችሁ አትከራከሩ። ደብዘዝ ያለ መብራት አብሩ፣ እጃቸውን ያዙ፣ በለሆሳስ አናግሯቸው። አልጋ ላይ ማሰርማ ፈጽሞ አይታሰብ።

4. ኪኒን። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንዱ «እኔን አስተኝቶኛል» ብሎ የራሱን መድኃኒት ያቀብላል፤ ሌላው ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ይገዛል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን እንዲህ ያለውን አንጎል ይበልጥ ያምታታል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ማስታገሻዎች ሌሊት ሲነሱ ይጥሏቸዋል፤ ከዚያ የዳሌ ስብራት ነው። ፀረ ሳይኮሲስ የሚባሉት፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶችማ በመርሳት በሽታ የተያዙ አረጋውያንን ሞት እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። ሐኪም ጉዳቱንና ጥቅሙን መዝኖ ካላዘዘ በቀር እንዳትነኳቸው!

ደግሞስ ኪኒኑ ለምን ይፈለጋል? የምታስታምመው ልጅ ስላልተኛች ነው። አራት አምስት ልጆች ባሉበት ቤት ሌሊቱ ሁሉ የአንዲት ሴት ልጅ ዕዳ ሲሆን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ወንድሞቿ በስልክ ይመርቋታል፣ ገንዘብ ይልካሉ፣ ደግሞም «ለምን ተቆጣሻቸው?» ብለው ይወቅሷታል። አንዷን አውቃታለሁ፤ ቀን ሥራ ውላ ሌሊት የእናቷን በር ስትጠብቅ ከርማ፣ መሪ እንደያዘች እንቅልፍ ጥሏት ከመንገድ ወጣች። በሕይወት ተርፋለች፤ ሳስበው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚወቅሳት እንጂ ለአንድ ሌሊት የሚተካት አልነበረም።

በአንድ ከተማ ያላችሁ ሌሊቱን በተራ ተካፈሉ። ርቃችሁ ያላችሁ የሌሊት ረዳት የምትቀጠርበትን ክፈሉ፤ የእረፍት ፈቃዳችሁንም ለእርሷ እረፍት አውሉት። ስትደውሉ ስለ እናታችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ እርሷንም «ትናንት ሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሽ?» በሏት። መልሷ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ ቲኬት ቁረጡ።