ትሪ ላይ የተጻፈ ፊደል

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ልጆቻችሁን ቤት ለማስተማር ለወሰናችሁ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ አማርኛ ልታስይዟቸው ለምትፍጨረጨሩም ጭምር። 34 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ከጥፋቴ ልጀምር። 70 ልጅ አንድ ክፍል አጭቄ ፊደል በዜማ አስቆጥር ነበር። እኔ በዘንግ እየጠቆምኩ «ሀ ሁ ሂ» ስል ክፍሉ ይቀበለኛል። ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚቀበለውን ልጅ ጠራሁና «ኔ»ን ጠቁሜ «ይቺ ማናት?» አልኩት። ከላይ፣ ከ«ሀ» ጀመረ። በሹክሹክታ እየዘመረ፣ በጣቱ እየተከተለ ወረደና «ኔ» ላይ ሲደርስ ነገረኝ። ለካ የሚያውቀው ዜማውን ነው። ፊደሏን አያውቃትም።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከእኔ በፊት ነቅተውበታል። ሀ ሁ የቆጠረውን ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ የፊደሉ ተራ ተለውጦ ወደሚቆጠርበት፣ የሚያሻግሩት ለዚህ ይመስለኛል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የለመዱት ዜማ አያድንም፤ መልኳን ማወቅ ግድ ነው።

በ2012 መጋቢት፣ በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ቀረች። ያኔ ነው ዘንጉን የጣልኩት። ትሪ ላይ ጤፍ በስሱ በተንኩላት። በጣቷ እየጻፈች ድምፁን ታወጣለች። ስትሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ አለቀ። ላጲስ የለ፣ ቁጣ የለ።

ከዚያ ወደ ሊጥ ሄድን። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ይህን ሁሉ በቃል ያዢ ማለት ለሕፃን ግፍ ነው፤ እጅ ግን አቋራጭ ያገኛል። «በ»ን በሊጥ ሠራች። ወገቧ ላይ በስተቀኝ ቅጥያ ስትለጥፍ «ቡ» ሆነች። ቅጥያዋን ወደ እግሯ ስታወርዳት «ቢ»፣ እዚያው ቀለበት ስታደርጋት «ቤ»። በማግስቱ «ለ»ን ሰጠኋት። ሳልነግራት «ሉ»፣ «ሊ»፣ «ሌ»ን አወጣቻቸው! ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ «ብ») ላይ ግን እንዳትሸወዱ። እሱ ወጥ ሕግ የለውም፣ አንድ በአንድ ነው የሚለመደው። የ«ረ» እና የ«ፈ» ቤትም አመጸኞች ናቸው፤ ለመጨረሻ አቆዩአቸው።

ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት ልጆች ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ማንም አናጺ ጋ አለ። (በሩ ላይ «ሞንቴሶሪ» ብሎ ውስጥ ገብታችሁ ስታዩ ሕፃናቱን አግዳሚ ላይ ደርድሮ የሚያስጮህ ስንት አለ መሰላችሁ!)

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ገበጣ አጫውቷቸው፣ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ግማሽና ሩብ አሳዩአቸው። ሊጥ ሲቦካ ሳይንስም እዚያው አለ። ግን አታብዙት። እኔ አብዝቼው ነበር፤ ቆሎ በቀረበ ቁጥር አስቆጥራለሁ። አንድ ቀን «አያቴ፣ ዛሬ ዝም ብለን እንብላው» አለችኝ። አፈርኩ።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ቤት ማስተማር በ50ውም ስቴት ይፈቀዳል፤ ደንቡ ግን ይለያያልና የስቴታችሁን ቀድማችሁ አጣሩ። ጀርመን ያላችሁ ትምህርት ቤት መላክ ግዴታችሁ ነው። ለእናንተ ቅዳሜ አለላችሁ። በቀን ሃያ ደቂቃ ከሊጥና ከጤፍ ጋር ከቆያችሁ፣ እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከጮህኩት ይሻላል።

የሊጡን ፊደል ደግሞ አትጣሉት፤ ጋግሩት። እኛ ቤት መጀመሪያ የተበላው የስሟ ፊደል ነበር። ማንንም አላስነካችም፣ ብቻዋን ጨረሰችው።