ጠረጴዛ ላይ የማይስት እጅ ተራራ ላይ ለምን ይስታል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። በስሜ የተመዘገበ ባለመነጽር ጠመንጃ አለኝ። በመጪው በጋ ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር ወደ ባሌ ሄጄ በሕግ የተፈቀደልኝን አንድ የምኒልክ ድኩላ ለማደን እየተዘጋጀሁ ነው። በተፈቀደልን የተኩስ ሜዳ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት ደግፌ በ100 ሜትር ስተኩስ ጥይቶቼ ሁሉ 5 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ክብ ውስጥ ያርፋሉ። ቆሜ ወይም ተንበርክኬ ስተኩስ ግን ዒላማውን ጨርሶ የምስትበት ጊዜ አለ። ጉድለቱ የጠመንጃው ነው ወይስ የእኔ? እንዴትስ ብለማመድ ይሻላል?

መልስ፦ ጠመንጃዎ ደህና ነው፤ ለዚህም የጠረጴዛው ውጤት በቂ ማስረጃ ነው። ጠረጴዛና የአሸዋ ከረጢት የሚፈትኑት ጠመንጃውን፣ መነጽሩንና ጥይቱን እንጂ ተኳሹን አይደለም፤ የልብ ትርታውን፣ የጡንቻ መንቀጥቀጡንና የትንፋሹን መውጣትና መግባት ከረጢቱ ስለሚሸከምለት የተኳሹ ጉድለት ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠረጴዛውን ጠመንጃዎን ለማስተካከል ብቻ ይጠቀሙበት። ጥይቱ ያነጣጠሩበት ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ካረጋገጡ በኋላ የቀረውን ልምምድ ሁሉ አደን በሚደረግበት ሁኔታ፣ ማለትም በሣርና በድንጋይ ላይ፣ በዳገትና በቁልቁለት፣ ትንፋሽዎ ሳይረጋ ያድርጉት።

የአተኳኮስ ዐቀማመጥን የሚገዛው ደንብ አንድ ነው፤ ሰውነት ወደ መሬት በቀረበና መሬት የሚነካበት ቦታ በበዛ ቁጥር አፈሙዙ ይረጋል። ከሁሉም የሚረጋው ተኝቶ መተኮስ ነው፤ ቁጭ ብሎ መተኮስ ይከተለዋል፤ ከዚያ ተንበርክኮ፣ በመጨረሻም ቆሞ ይመጣል። ነገር ግን በባሌ የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛ ሰው ከፊቱ ካለው ቅጠል በቀር ብዙ ጊዜ ምንም አይታየውም። ስለዚህ አዳኝ የሚመርጠው መሬቱና ሣሩ ከሚፈቅዱለት ዐቀማመጦች መካከል ዝቅተኛውን ነው፤ ይህን ምርጫ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማድረግ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

ለደጋ አገር ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል የምለው፣ ሰዎችም ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚሉት፣ ቁጭ ብሎ መተኮስን ነው። ተዳፋት ላይ ፊትዎን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ይቀመጡ፤ እግሮችዎን ከትከሻዎ ትንሽ ሰፋ አድርገው ተረከዝዎን መሬት ውስጥ ይትከሉ፤ ከወገብዎ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉና ከክርንዎ ከፍ ያለውን የክንድዎን ሥጋ ከጉልበትዎ ፊት ለፊት ያሳርፉ። የክርኑ ጫፍ በጉልበቱ ሎሚ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ አጥንት በአጥንት ላይ ስለሚንሸራተት ጠመንጃው ይዋልላል። ተንበርክኮ መተኮስም በዚሁ ደንብ ይመራል። ቀኝ እጅ የሚጠቀም ሰው ቀኝ ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ በቀኝ ተረከዙ ላይ ይቀመጣል፤ የግራ ክርኑን ከግራ ጉልበቱ አሳልፎ ወደ ፊት በማድረግም የክንዱን የኋላ ሥጋ ጉልበቱ ላይ ያስደግፋል። በጥያቄዎ ተንበርክኬ እስታለሁ ያሉት ምናልባት የዚህች የጥቂት ጣቶች ልዩነት ውጤት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እርሷን ይፈትሹ።

ቆሞ መተኮስ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያለ ድጋፍ ቆመው አውሬ ላይ እንዳይተኩሱ አጥብቄ እመክራለሁ። ድጋፍ ለማግኘትም የሩቅ አገር ዕቃ መግዛት አያስፈልግዎትም። የአገራችን ሰው ከእጁ የማይለየውን ዱላ ሁለት አድርገው፣ ከጫፋቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ቢያስሯቸውና እግራቸውን ቢከፍቷቸው ቁጭ ብለውም ቆመውም የሚጠቀሙበት ጥሩ መደገፊያ ይሆናል። የተጣጠፈ ጋቢ ደግሞ ቋጥኝ ላይ ተነጥፎ የአሸዋ ከረጢቱን ቦታ ይተካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የጠመንጃው ብረት፣ ማለትም አፈሙዙና ቱቦው፣ ድንጋይም ሆነ ግንድ መንካት የለበትም፤ በተኩሱ ቅጽበት ቱቦው ስለሚርገበገብ ጠንካራ ነገር ከነካ ጥይቱ ከተለመደ ቦታው ርቆ ያርፋል። ድጋፉ ሁልጊዜ ከፊተኛው እንጨት ሥር ይሁን። ዛፍ ከተደገፉም ግንዱን የሚነካው እጅዎ ይሁን፤ ጠመንጃው በእጅዎ ላይ ይረፍ።

ማንገቻውንም እንደ መሸከሚያ ብቻ አይዩት። በግራ ክንድዎ ላይ ከክርንዎ ከፍ አድርገው አዙረው ሲወጥሩት ጠመንጃውን ወደ ትከሻዎ ስለሚስበው ቁጭ ብለውና ተንበርክከው ሲተኩሱ መዋለሉን በሚታይ መጠን ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዐቀማመጥዎን ካስተካከሉ በኋላ የመነጽሩን መስቀል ዒላማው ላይ አድርገው ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ አንድ ጊዜ በደንብ ተንፍሰው ጡንቻዎን ያላሉና ዓይንዎን ይክፈቱ። መስቀሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሸሽቶ ካገኙት፣ ሰውነትዎ በተፈጥሮው የሚያመለክተው ወደዚያ ነው ማለት ነው። በክንድዎ ጎትተው ቢመልሱት በተኩሱ ቅጽበት ጡንቻው ይላላና ጥይቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ክንድዎን ትተው መቀመጫዎን ወይም እግርዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሳይገፉትና ሳይጎትቱት መስቀሉ ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስም ይደጋግሙ። ከዚያ በኋላ በተፈጥሮ ከተነፈሱ በኋላ ባለችው አጭር የትንፋሽ ፋታ ምላጩን በጣትዎ ጫፍ ሥጋ ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ይጫኑ። ትንፋሽዎን ከስምንት እስከ ዐሥር ሰከንድ በላይ ከያዙ ዓይን ይደክማል፣ ልብም በኃይል ይመታል፤ ያን ጊዜ ተኩሱን ትተው እንደገና መጀመር ይሻላል። ምላጩ ከተሳበ በኋላም ጭንቅላትዎን ቶሎ አያንሡ፤ መስቀሉ በተኩሱ ቅጽበት የት እንደነበረ ለራስዎ ይናገሩ። ጥይቱ የት እንዳረፈ ሄዶ ሳያይ መናገር የቻለ ተኳሽ ስሕተቱን ራሱ ማረም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ አብዛኛው ያለ ጥይት የሚሠራ ነው፤ ደግሞም የሚበልጠው ልምምድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በተከራዩበት ወይም በራስዎ ቤት ጥይቱን ሁሉ ሌላ ክፍል ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ባዶም ቢሆን አፈሙዙን ሰው ወዳለበት አቅጣጫ ሳይሆን ጥይትን ሊያስቀር ወደሚችል የድንጋይ ግድግዳ ያዙሩ። ግድግዳው ላይ ትንሽ ነጥብ ለጥፈው ከቆሙበት ቁጭ ይበሉ፣ ይንበርከኩ፣ ምላጩን ይሳቡ፣ ይነሡና እንደገና ይድገሙ። ከአባት የተወረሰ እንደ ምንሽርና እንደ ውጅግራ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው የመምቻው መርፌ እንዳይሰበር ለመለማመጃ የተሠራ፣ ባሩድ የሌለው ባዶ ጥይት ያጉርስ። በቀን ለጥቂት ደቂቃ ይህን የሚያደርግ ሰው አልፎ አልፎ ብቻ ብዙ ጥይት ከሚያባክነው ይቀድማል።

በተኩስ ሜዳው ላይ ሲሆኑ ደግሞ አዳኝ ጠዋት የሚያገኘው ዕድል አንድ መሆኑን አስበው ይለማመዱ። ዳገት ፈጠን ብለው ወጥተው፣ ልብዎ እየመታ፣ በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ዐቀማመጥ ይዘው አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሱና ተነሥተው ይሂዱ። ያችን የመጀመሪያዋን ጥይት ለብቻዋ ይመዝግቧት፤ ቱቦው ከሞቀና እጅዎ ከለመደ በኋላ የሚመጡት ሌሎቹ ስለ አደን ብዙ አይነግሩዎትም። ዒላማዎ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ይሁን፤ የድኩላ ልብና ሳንባ የሚገኝበትን ቦታ በጥንቃቄ ሲገምቱት ከዚህ ብዙ አይበልጥም። በአንድ ዐቀማመጥ አምስቱም የመጀመሪያ ጥይቶችዎ ክቡ ውስጥ የሚያርፉበት ርቀት በዚያ ዐቀማመጥ ገደብዎ እርሱ ነው። ቁጭ ብለው 150 ሜትር፣ ተንበርክከው 100 ሜትር፣ ቆመው በዱላ ተደግፈው 70 ሜትር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ማነስ አያሳፍርም፤ ከገደብ አልፎ ተኩሶ እንስሳን በሆዱ ወይም በእግሩ አቁስሎ በቁጥቋጦ ውስጥ ለቀናት እንዲሠቃይ መተው ግን ከባድ ጥፋት ነው። መሪዎ ተኩስ ቢልዎትም ገደብዎን ካለፈ አልተኩስም ይበሉት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደባርቅ ነው። ቁልቁል ሲተኩሱ ጥይቱ በላይ ያልፋል፣ ሽቅብ ሲተኩሱ ደግሞ ከታች ይወድቃል ይባላል። ይህ እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ቁልቁልም ሆነ ሽቅብ ሲተኩሱ ጥይቱ በሜዳ ላይ ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ ያርፋል። ምክንያቱም የመሬት ስበት ጥይቱን ከጉዞ መስመሩ ወደ ታች የሚያወርደው በዋናነት በአግድሙ ርቀት ልክ እንጂ በተዳፋቱ ላይ በሚለካው ርቀት ልክ ስላልሆነ ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት 200 ሜትር የሚርቅ ዒላማ በአግድሙ 173 ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ በ45 ዲግሪ ደግሞ 141 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ የሚያነጣጥሩት በአግድሙ ርቀት መሠረት ነው። እስከ 100 ሜትር ባለው ርቀት ልዩነቱ ከቁብ የሚገባ አይደለም፤ ርቀቱ ከ200 ሜትር እያለፈ ሲሄድና ተዳፋቱ ሲጨክን ግን አውሬን ሊያስት ይችላል። ከዚህ ይልቅ ቁልቁል ሲተኩሱ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰደፉ በትከሻው ላይ በትክክል ሳያርፍ በመተኮሱ ነው፤ ይህን በባዶ ጠመንጃ ተዳፋት ላይ ተቀምጠው ይለማመዱት።

የከፍታ ጉዳይም አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የባሌ የአደን ቦታዎች ደግሞ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ብዙ ናቸው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ጥይቱን የሚገታው ኃይል ስለሚቀንስ በሩቅ ርቀት ጥይቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ በጉዞም መነጽሩ ሊነቃነቅ ይችላል። ስለዚህ አደኑ ከመጀመሩ በፊት እዚያው ሁለት ሦስት ጥይት ተኩሰው ያረጋግጡ።

ጠያቂያችን በሰሜን ተራሮች ሥር ስለሚኖሩ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዋልያም፣ ጭላዳም፣ ቀይ ቀበሮም የሚኖሩበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በውስጡ ምንም ዓይነት አደን አይፈቀድም። ተኩስን የሚለማመዱትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሚያዝዘው መሠረት ፈቃድ ይዘው፣ የሚመለከተው አካል በፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ መኖሩንም ያረጋግጡ። የአደን ጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በእኛ አገር ከእያንዳንዱ ጉብታ ኋላ እረኛ ሕፃን አለና ጀርባው ሰማይ በሆነ ዒላማ ላይ በፍጹም አይተኮስም።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው። ጠመንጃው ሊተኮስ ሲል ዓይኔ ይጨፈናል፣ ትከሻዬም ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ልማድ እንዴት ልተወው?

መልስ፦ ይህ የሚመጣው ከድምፁና ከሰደፉ ምት ነው፤ ወኔ ከማጣት ጋር አይገናኝም። በመጀመሪያ የጆሮ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ያለ እርሱ የተተኮሰ ጥይት የመስማት ችሎታንም ይጎዳል። ሰደፉ በትከሻዎ ኪስ ውስጥ በደንብ መግባቱን ይመልከቱ። ከዚያ በተኩስ ሜዳው ላይ የሚያምኑት ሰው እርስዎ ሳያዩ አንዳንዴ እውነተኛውን፣ አንዳንዴ የመለማመጃውን ባዶ ጥይት ያጉርስልዎት። ባዶው ሲገጥምዎ አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ ጉድለቱን ራስዎ ያዩታል። ባዶው አፈሙዙን ሳያናውጥ ተከታትሎ እስኪያልፍ ድረስ ይቀጥሉ፤ መበርገጉ ተመልሶ በመጣ ቀን ግን እውነተኛውን ጥይት ትተው በባዶው ብቻ ይጨርሱ።