በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚነጥፍ ወንዝ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር ዙሪያ፣ ወደ መገጭ በሚገባ ወንዝ ዳር ነው። ድሮ እስከ ግንቦት ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን የካቲት ላይ ይነጥፋል፤ ክረምት ግን ደራሹ ማሳ ጠርጎ ይሄዳል። ዝናቡ ቀንሶ ነው ወይስ መሬቱ ተበላሽቶ?

መልስ፦ የበጋው መንጠፍና የክረምቱ ደራሽ አብረው መምጣታቸው ትልቅ ፍንጭ ነው። ዝናቡ ብቻ ቢቀንስ ኖሮ የክረምቱም ሙላት በቀነሰ ነበር። ደራሹ በርትቶ በጋው ከነጠፈ፣ ውሃው መስረጉን ትቶ በላይ በላይ እየሸሸ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። በአንድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ወርዶ ግማሹ ካልሰረገ፣ ከአንዲት ሄክታር ብቻ 200 ሜትር ኩብ ወደ ወንዙ ይንደረደራል። በየካቲት ምንጭ ሆኖ መውጣት የነበረበት ይኸው ውሃ ነው። ተዳፋቱ እስከ አናቱ ሲታረስና ግጦሹ በከብት እግር ሲጠቀጠቅ የሚሆነው ይህ ነው፤ ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል የተቸገረውም በላይኛው ተፋሰስ አፈር መታጠብ ነው።

የአየር ንብረቱም ድርሻ አለው። የአገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል፤ ሙቀት ሲጨምር ትነቱም፣ አትክልቱ የሚጠጣውም ውሃ ይጨምራል።

ነገር ግን ሰማዩንም መሬቱንም ከመውቀስዎ በፊት ከእናንተ በላይ ያሉትን የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ይቁጠሩ። ባለ 3 ኢንች ሞተር በሰከንድ ወደ 10 ሊትር ይስባል። ወንዙ ስንት እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚፈስ 10 ሜትር ቦታ ይምረጡና ጫፍና ጫፉ ላይ ችካል ይትከሉ። ስፋቱን በሜትር ይለኩ፤ ጥልቀቱን አምስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ሎሚ ወይም ግማሽ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ከላይኛው ችካል ትንሽ ከፍ አድርገው ይጣሉና ከችካል ችካል የሚፈጅበትን ሰከንድ ይቁጠሩ፤ አምስት ጊዜ ይድገሙት። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.15፣ ጊዜው 25 ሰከንድ ቢሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ከሥር ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.8 ያባዙት፤ 2 × 0.15 × 0.32 = 0.096 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 96 ሊትር ይመጣል። ይህ ሞተሮቹ ሳይሠሩ የተለካ ከሆነ፣ ከላይ አምስት ሞተር ሲሠራ ከግማሽ በላዩ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ሞተሮቹ በማይሠሩበት ቀን ጠዋት እና በሚሠሩበት ቀን ቢለኩ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል። በየዓመቱ በጥቅምት፣ በታኅሣሥና በየካቲት አንድ ቦታ ላይ ይለኩ፤ ቦታ ከቀያየሩ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ሥራው ከላይ ይጀመር። ቦረቦሩን በክትር (ጎርፍ በሚያበርድ የድንጋይ ወይም የእንጨት አጥር) ከመዝጋት በፊት ወደ እሱ የሚመጣውን ጎርፍ ማስቀረት ይቀድማል፤ አለበለዚያ ክትሩን በመጀመሪያው ክረምት ይወስደዋል። ክትሩ ሁለቱ ጫፎቹ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳው ገብተው መሐሉ ዝቅ ይበል። ዳርና ዳሩ ዝቅ ካለ ውሃው ይዞርና አዲስ ቦይ ያወጣል፤ ብዙ ክትር የሚፈርሰው በዚህ ነው። የታችኛው ክትር አናት ከላዩ ካለው ክትር ግርጌ ጋር በከፍታ እኩል ሲሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ ነው። ጎርፉን ከላይ በሚያስቀረው እርከን ላይ ደግሞ ለቀይ አፈርና ለዋልካ (ለጥቁሩ ጭቃማ አፈር) አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ቀዩ ደልዳላ እርከን ይወዳል፤ ዋልካ ግን ውሃ ይቋጥርና ሰብሉን ያበሰብሳል፣ ስለዚህ በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ያህል ዘንበል አድርጎ ሣር ወደ በቀለበት ማፋሰሻ ማውጣት ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፉን ነቅለን ብንጥል ወንዙ ይመለሳል?

መልስ፦ ምንጭ አናትና ወንዝ ዳር ያለውን ያንሱት፤ ሥሩ ከበጋው ውሃ ይጠጣል። ራቅ ካለው ተዳፋት ላይ ግን አፈሩን እርቃን ትቶ መንቀል ጎርፉን ያባብሳል። ቅጠሉን ከሥሩ አለመጥረግ፣ ከብት አለማስገባትና በመሐል ሣር ማብቀል ከመንቀሉ ይሻላል።